ለሻለቃው ያረቀቅሁት ምክንያት

ዛሬ ጠዋት ለጡረታ ጉዳይ ጦር ሰፈር ሄጄ፣ በር ላይ ያገኘኋትን ወታደር «ልጄ፣ አለቃሽን ጥሪልኝ» አልኳት። ለካ አለቃዋ ራሷ ናት! ትከሻዋ ላይ ያለውን የሻምበል ማዕረግ ሁሉም አይቶታል፣ ከኔ በቀር። ቤቴ ከገባሁም ወዲህ ማረፍ አቃተኝ፤ ቁጭ ብዬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እዞራለሁ። አሰብ መጣችብኝ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጨረሻ እዚያ በአንድ ጦር ሰፈር ጸሐፊ ነበርኩ። ሐምሌ ነው፤ ነፋሱ አሸዋ ይዞ ይገባል፣ የምሳው ዓሣ ሳይቀር ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ሙቀቱን የሸሸው የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ወደ ደጋ ተዛወረና ለቦታው ፈተና ወጣ። ከአሥመራ የመጣችው ለተብርሃን አንደኛ ሆነች። እኔም ተፈትኜ ነበር፤ ከታች ሲቆጠር አንደኛ ወጣሁ።

ሻለቃችን ደግ ሰው ነው፣ ግን የበላይ ይፈራል። «ሴት ለመቅጠር ከላይ መፈቀድ አለበት። እሺ የሚያሰኝ ምክንያት ፈልግ።»

«አንደኛ ወጣች ብዬ ልጻፍ?»

«ወንዶቹ በሴት ተበለጡ ልትል? ለጦሩ ምን እንደምትጠቅም ጻፍ!»

ጦር ሰፈር እንዲህ ነው፤ ትክክል የሆነ ነገር እንኳ የሚገባው ጥቅሙ ተቆጥሮ ነው። ጻፍኩ፦ አንድ ወንድ ለጠመንጃ ይተርፋል፤ የሴት ድምፅ የተቆጣ መኮንን ያበርዳል፤ ሴት ለሲጋራ ብላ ማዞሪያውን ጥላ አትወጣም። ኮራ ብዬ አሳየኋት።

«አንተ፣ የሚቀጥሩት ጉሮሮዬን ነው እንዴ? ፈተናዬስ?»

«ዋናው መግባትሽ ነው። እሱን በኋላ እጨምራለሁ።»

«ያንተን ‹በኋላ› እናየዋለን!»

ተፈቀደ፤ ገባች። በሁለተኛው ዓመት የማዞሪያው አለቅነት ክፍት ሆነና ጠየቀች። ሻለቃው ፋይሏን አስመጥቶ የኔኑ ደብዳቤ አነበበ። «ድምፅዋ ተስማሚ ነው ይላል። ስለ አለቅነት ምንም የለም። እዚያው ትቆይ።» ሹመቱ ሥራውን እሷ ላስተማረችው ልጅ ተሰጠ።

ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «ፈተናውን አንደኛ እንደወጣሁ አንድ መስመር ጻፍልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ብዕሩ እጄ ላይ ነው። ግን የፈተናው ዝርዝር ይውጣ ከተባለ ግርጌው ላይ ያለው ስም የኔ ነው! «ነገ» አልኳት። በነጋታው ሥራ ፈጥሬ በጭነት መኪና ከአሰብ ወጣ ወዳለችው መንደር፣ ወደ በይሉል ሄድኩ። አራት ቀን ቆይቼ ስመለስ፣ ሥራዋን ለቃ አሥመራ ገብታለች።

አለቆችን ለማሳመን ሦስት ምክንያት አላጣሁም፤ ለእውነቱ አንድ መስመር ጠፋኝ። ይኸው ዛሬ ጻፍኩት፦ ወይዘሪት ለተብርሃን ፈተናውን አንደኛ ወጥታለች። ይህን ብታነብ «ዕዳህን ከፈልክ» ትለኝ ይሆን? አትልም፤ አውቃታለሁ። መስመሩ መግባት የነበረበት ፋይሏ ውስጥ ነው።