የላይኛው ክንፍ ስፌት

አውሮፕላን ሰፍቻለሁ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ሳን ሆዜ ዳርቻ ጋራዡ ውስጥ አሮጌ አውሮፕላን የሚጠግን አንድ አሜሪካዊ ነበር፤ የእጅ ስፌት የምትችል ሴት ሲያፈላልግ እኔን አገኘ። ፈረንሳዮች ለመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሠሩት፣ ባለ ሁለት ክንፍ፣ መላ አካሉ እንጨት የሆነ አውሮፕላን ነው። በቀጫጭኖቹ የክንፍ ጎድኖች ላይ ነጭ ጨርቅ ይወጠራል፣ በሰም በታሸ ክር ከእያንዳንዱ ጎድን ጋር ይሰፋል፤ ከዚያ ራስ የሚያዞር ቫርኒሽ ሲቀባ ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ ይጠብቃል።

ከሥራው ይልቅ የምወደው ቅዳሜን ነበር። ቅዳሜ ደብረ ዘይት ለታላቅ ወንድሜ እደውላለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር፤ አሁን ኩላሊቱ አልጋ ላይ ጥሎታል። ስለ አውሮፕላኑ ሳነሳለት ግን ድምፁ ጤነኛ ይሆናል።

«ሁለት ክንፍ ምን አስፈለጋቸው?» አልኩት አንድ ቀን።

«እንጨት ነዋ። አንዱ ብቻውን አይችልም፤ ላይና ታቹ በሽቦ ተወጥሮ ሲታሰር ነው የሚጠነክረው። አንቺ ብቻ ቋጠሮሽን አጥብቂ። ልማድሽ መቸኮል ነው፣ አትቸኩዪ።»

«ጨርቁስ መገነዣ ነው የሚመስለው» ስለው እስኪያስለው ሳቀ።

የታችኛውን ክንፍ በእሱ ምክር ጨረስኩ። ያለቀውን አውሮፕላን ሳይሞት በፎቶ እንዲያየው ነበር ምኞቴ፤ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

የላይኛውን ስጀምር ስልኩን ሚስቱ ታነሳ ጀመር። ተኝቷል ትላለች። ሐኪም ቤት ሄዷል ትላለች። እኔ ሞኟ ጥያቄዬን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አጠራቅማለሁ፤ ጥግ ላይ ጨርቁ እንዴት ይታጠፋል፣ ክሩ ጫፍ ላይ ለምን ይላላል። ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ ከወትሮው አብዝተው ያቅፉኛል። «ክንፉ አለቀ ወይ?» ይሉኛል። ለአውሮፕላን ያላቸው ፍቅር ገረመኝ።

አለቀ። አሜሪካዊው ከአውሮፕላኑ ጋር ፎቶ አነሳኝ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ፓስተሩና የቤተ ክርስቲያኑ ትልልቅ ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ሐበሻ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም ስንት ሰው አርድቻለሁ።

«መቼ?» አልኩ።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እናት እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ወንድምሽ ካረፉ ወር አለፋቸው። ሚስታቸው ለኛ ኮል አድርጋ ነበር። ሥራውን ሳትጨርሺ ብንነግርሽ ጆብሽን ታጪያለሽ ብለን ፈራን።»

ፓስተሩ ደረት አይመታም አሉኝ። መታሁ። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ቀን ተመርጦለት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ሥርዓት ነው። በደግነት እንዳደረጉትም አውቃለሁ። ግን አንጀቴ አልራራላቸውም፣ ዛሬም አልራራም።

ከለቅሶው ወደ ጋራዡ ስመለስ ሁለቱ ክንፎች በሽቦ ታስረው ቆመው ነበር። አሜሪካዊው የላይኛው ስፌት ከታችኛው ይበልጣል ብሎ አመሰገነኝ። እውነቱን ነው። በጣቴ ዳሰስኩት፤ አንድም የላላ ቋጠሮ የለም። አትቸኩዪ ስላለኝ አልቸኮልኩም። ያን ሁሉ ሳምንት ቀስ ብዬ፣ እያጠበቅሁ፣ ለሞተ ሰው ሰፋሁ።