ፍየል ያለፈበት

የባለቤቴ አርባ ከወጣ በኋላ ጫማውን ላጸዳ አነሳሁት፤ ሶሉ ውስጥ የተሰነቀረውን የፍየል በጠጥ በእንጨት ስፈለቅቀው የአቧራና የደረቀ ግራር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ያ ሽታ የአባቴ ነበር።

አባቴ ጅጅጋ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁርሱን በልቶ ብቻውን ወደ ካራማራ ይወጣል። ተራራው ላይ ከጦርነቱ የቀረ ፈንጂ እንዳለ የማያውቅ ልጅ ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም፤ አባቴም ትኩስ በጠጥ ያላየበትን መሬት አይረግጥም፤ በጠጡ ከጠፋ ይመለሳል። ወተት የምታመጣልን፣ እንደ ሶማሌ ልጆች ኤዶ፣ አክስቴ፣ የምንላት ሀዋ፣ እናቴን "ባልሽ ተራራውን ነው እንዴ ያገባው? ጣውንትሽ ግዙፍ ናት" እያለች ታስቃት ነበር። እናቴ ስቃ ስታበቃ በር በሩን ታያለች።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ጣውንቷን ላያት ተከተልኩት። ኮቴውን እየረገጥኩ፣ እርምጃው ሲሰፋብኝ እየዘለልኩ ብዙ ከወጣሁ በኋላ ዞር አለ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን አልጮኸም።

"ቁሚ። እግርሽን እንዳታነሺ፣ የኔ ልጅ።"

የራሱን ኮቴ እየፈለገ እስኪደርስልኝ ድረስ ከታች ከአስፋልቱ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኝ ነበር። አዝሎኝ ሲወርድ ጀርባው በላብ ርሶ ነበር። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ነገረኝ፤ ድሮ የሚወጣው ከጓደኛው ጋር ነበር፤ እየተሳሳቁ ሲሄዱ ጓደኛው ከአባቴ ኮቴ አንድ ጋት ያህል ወጣ ብሎ ረገጠ። እሁድ እሁድ ጓደኛው እስከቀረበት ቦታ ድረስ ሄዶ ነው የሚመለሰው።

"ብቻዬን ስሄድ የምፈራው ለአንድ ሰው ብቻ ነው" አለኝ።

የፍየሉን ዘዴ ባለቤቴ የተማረው ከአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ እሱም እሁድ እሁድ ብቻውን ይወጣ ነበር፤ ልከተልህ ስለው "አንቺ ወሬ ታበዣለሽ" ይለኛል፤ እኔም አኮርፋለሁ። በመጨረሻው እሁድ እረኞች ግራር ተደግፎ እንደተቀመጠ አገኙት። አካሉ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ኪሱ ውስጥ ግን አይቼው የማላውቅ የልብ መድኃኒት ነበር፤ ብልቃጡ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

ጫማውን ሳላጸዳ ተውኩት። ጫፉ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቄ እግሬ ላይ አሰርኩት። ወደ ካራማራ ልሄድ ከቤት ስወጣ ዞር ብዬ አየሁ፤ በር በሩን የሚያይ ሰው የለም። አሁን የምፈራው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለራሴም ቢሆን ብዙ አልፈራም።