ለእኔ ብቻ የተላከው ፎቶ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ነው። ይኸው ዓመት ሞላው፤ ስልኬ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ድንግጥ የምለው ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

እኔ ጭሮ ላይ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼና አሽጌ የምሸጥ ሴት ነኝ። ቡናውን ከመቻራ የሚልኩልኝ ኦቦ አህመድ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ደንበኛዬ ሁሉ የለመደው የእሳቸውን ቡና ስለሆነ፣ እሳቸው ከተዉኝ ሱቄን መዝጋት ነው።

በዚያ ሰሞን ለነጋዴዎች ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ «ሸሪኮቻችሁን በፌስቡክ አስተዋውቁ፣ በሰው ፊት አመስግኗቸው፣ ግንኙነታችሁ ይጠነክራል» አለን። እኔ ደግሞ የሰማሁትን ነገር ወዲያው ካላደረግኩ እረፍት የለኝም፣ ችኩል ነኝ። በማግስቱ ጠዋት ኦቦ አህመድ በቴሌግራም ፎቶ ላኩልኝ። ቀይ ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰጥቶ፣ እሳቸው አጠገቡ ቆመው ይስቃሉ። እሰይ! አልኩ። «የመቻራው ኩራቴ፣ ሸሪኬ ኦቦ አህመድ» ብዬ ጽፌ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

እስከ ምሳ ሰዓት አገር ምድሩ አየው። «ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ነው?» የሚል መጣ። «አድራሻቸውን በውስጥ መስመር» የሚልም መጣ። እኔ ደስ ብሎኝ የለጠፍኩትን ከነአስተያየቱ ለራሳቸው ላክሁላቸውና «ይመልከቱ፣ ታዋቂ ሆኑ እኮ!» አልኳቸው።

አዩት። መልስ ግን የለም።

ብደውል አያነሱም። በማግስቱም አያነሱም። ቴሌግራም ላይ ገብተው ሲወጡ ግን አያለሁ። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ። ስልኬን አያለሁ ብዬ የምቆላውን ቡና አሳረርኩት። ባለቤቴ «አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ጸልዪበት» ቢለኝ፣ እየጸለይኩም ዓይኔን ገልጬ ስልኩን አያለሁ። አለቀልኝ፣ አንዱ ትልቅ ነጋዴ በውስጥ መስመር አግኝቶ ወሰደብኝ አልኩ። ያውም በገዛ እጄ!

በአራተኛው ቀን አላስቻለኝም። በሚኒባስ ገለምሶ ገባሁ፤ ከገለምሶ ሌላ መኪና ይዤ መቻራ። መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ አልታወቀኝም፤ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር።

ግቢያቸው ስደርስ ማድረቂያው አልጋ ባዶ ነው። አንዲት ፍሬ የለችበትም።

«ሸጡት አይደል?» አልኳቸው፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

«ምን ሽያጭ አመጣሽ! ደብቄው ነው» አሉ ቆጣ ብለው። ጎተራቸው ውስጥ አስገብተው አሳዩኝ። ገና ያልደረቀ ቡና ሸራ ለብሶ ታፍኗል።

«ኧረ ይሻግታል!» ብዬ ጮህኩ።

«ይሻግት! የሰው ዓይን ከሚበላው ይሻግት። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ነው ወይ ይላሉ። አንድ ሰው ማሻአላህ አላለም። ዋላሂ፣ አንቺም አላልሽ።»

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የሰው ዓይን ይበላል ሲባል አላምንም። ልከራከር አፌን ስከፍት እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ቡናዬን ለጎረቤት አላሳይም። ለወንድሜም አላሳይም። ላንቺ የላክሁት ልጄ ናት ብዬ ነው» አሉኝ።

አፈርኩ። እዚያው ፊታቸው ፎቶውን አጠፋሁና ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እንባዬም መጣ።

«በቃ፣ በቃ። ሸራውን በዚያ በኩል ያዢ» አሉኝ።

ቡናውን አብረን አውጥተን መልሰን ሰጣነው። ከሥር የነበረው ትንሽ ሸትቷል፤ የቀረው ደህና ነው። ስንጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ማሻአላህ!» አልኩ። ሳቃቸው መጣ።

ቡናው እንደ ድሮው ይመጣልኝ ጀመር። ፎቶ ግን ቀረ። ስልክ ያነሳሉ፣ ቤተሰቤን ይጠይቃሉ፣ ፎቶ አይልኩም። ልጠይቃቸውም አልደፈርኩ። ስልኬ ጢን ሲል እሳቸው ይሆኑ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ስባንን ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ መጣ። ያው አልጋ፣ አዲስ ቀይ ቡና፣ ያው ሳቃቸው። እየሳቅኩ «ማሻአላህ» ብዬ መለስኩላቸው።

ባለቤቴ ከጎኔ ነበር። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቅሽ? እስቲ አሳዪኝ» አለኝ።

ስልኩን ደረቴ ላይ ያዝኩት። «ላንተ አልተላከም» አልኩት።