ያልተረከብነው አሥራ ሁለት ኬሻ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። በቡና ገበሬዎች ዩኒየን ግቢ ውስጥ ሻይ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ስንቱን አይቻለሁ፤ በሳቅ የመጣውን፣ በጸሎት የመጣውን፣ ክራቫት አስሮ የመጣውን። እናም የጋሽ ጴጥሮስ ልጅ ማራናታ በ2006 ዓ.ም. ክረምት ቢሮዋን ከውስጥ ዘግታ ብቻዋን ማውራት ስትጀምር መጀመሪያ የጠረጠርኳት እኔ ነኝ። «በየነች ደግሞ ጥርጣሬዋ» እያሉ የሚያሙኝ ሠራተኞች ግን ሳምንት ሳይቆዩ ከእኔ እኩል በሩ ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ።

ማራናታን ከልጅነቷ አውቃታለሁ። እዚሁ ሚዛን ከተማ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ እዚሁ የቡና ርክክብ መዝጋቢ ሆና የተቀጠረች ልጅ ናት። እሁድ እሁድ ቸርች ትዘምራለች፣ ሌላውን ቀን ዝም ነው። ሻይዋን ታዝዛለች፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ» ትላለች፣ በቃ። ሐሜት አትሰማ፣ ሐሜት አታወራ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ እኔን ያስፈራኛል፤ ምን ደብቃ ነው እላለሁ።

ያን ዓመት ዩኒየኑ ወረቀቱን ትቶ ርክክቡን በኮምፒውተር ሊመዘግብ አዲስ ፕሮግራም አስገባ። የቡና መረከቢያ ጣቢያዎቻችን ሸኮ፣ ጌጫና ቱም ናቸው። በክረምት እዚያ ዞሮ ማስተማር የማይታሰብ ነው፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ያድራል፣ አስተማሪውም አብሮት ያድራል። ማራናታ ታዲያ አንድ ዘዴ አመጣች። እሷ ፕሮግራሙ ላይ ስትሠራ ኮምፒውተሩ ራሱ ስክሪኑን ይቀርጻል፣ ድምጿም አብሮ ይገባል። የቀረጸችውን እየቆራረጠች ትምህርት ታደርገዋለች። ትምህርቱ በየመሃሉ ይቆምና «አሁን እዚህ ጋ ይጫኑ» ይላል። ሰልጣኙ በትክክል ከተጫነ ይቀጥላል፤ ከተሳሳተ «አይደለም፤ እንደገና ይሞክሩ» ብሎ ንቅንቅ አይልም። ይህንን በሲዲ ገልብጣ በአውቶቡስ ሾፌር ትልክላቸዋለች።

ለእኔ እንዲህ ብላ ስታስረዳኝ ጥሩ ነው አልኩ። በልቤ ግን አልተዋጠልኝም። ስትቀርጽ ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ትበራለች፤ ያቺ ነጥብ ግቢውን በሙሉ በጠበጠችው። ልጅቷ የምትቀርጸው እኛን ነው ተባለ። ማን አርፍዶ እንደገባ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ሁሉም አዲስ አበባ እየሄደ ነው ተባለ። ሂሳብ ሹሟ ቢሮዋ መግባት ተወች፤ ሰላምታም ከደጅ በአንገት ሆነ። እኔም ሻይ ሳስገባ መጀመሪያ የማየው ነጥቧን ነበር። አንድ ቀን ብቻ ረሳሁና፣ ያስቀመጥኩላት ብርጭቆ ሳይነካ ስላየሁት «ማራናታ፣ ሻይሽ ውሃ ሆነ እኮ» ብዬ ጮህኩ። ጭንቅላቷን ያዘች። ደግማ እንዳትቀርጸው ወዲያው መብራት ሄደ፤ ሾፌሩም ደጅ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። እንዳለ ላከችው።

ለመለማመጃ የአንድ ገበሬ ስም ያስፈልጋት ነበር። የሌላ ሰው ስም ለጨዋታ ባነሳ ነገር ይመጣብኛል ብላ ፈርታ የአባቷን አስገባች። በትምህርቱ ውስጥ «አቶ ጴጥሮስ አሥራ ሁለት ኬሻ ጀንፈል ቡና አስረከቡ» ትላለች፤ ሰልጣኙ ስሙን ይጽፋል፣ ቁጥሩን ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ «ርክክቡ ተመዝግቧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይመጣል። ቁርጥ እውነተኛውን ፕሮግራም ነው የሚመስለው፤ የተቀረጸው ከእሱ ነዋ።

ከእኔ የባሰ ተጠራጣሪ ካለ የሸኮው መጋዘን ጠባቂ ይርዳው ነው። ሲዲው ሲደርሰው ከፈተ፣ ትምህርቱን ጨረሰ፣ አረንጓዴውን ጽሑፍ አየ። ከዚያ ተነስቶ መጋዘን ገባና የጋሽ ጴጥሮስን አሥራ ሁለት ኬሻ መፈለግ ጀመረ። ኬሻ ሲያነሳ ሲጥል ዋለ፤ የለም። የተመዘገበ ቡና ከጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ላብ አጠመቀው። ጌጫ ሲደውል ደግሞ እዚያም ተመዝግቧል፣ እዚያም የለም። ይሄኔ በራሱ ሂሳብ ነገሩን ደረሰበት፦ ልጅ መዝጋቢ፣ አባት ገበሬ፤ የሌለ ቡና በየቦታው እያስመዘገቡ ሊበሉ ነው።

በማግስቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሚዛን ገባ፤ የእሱንም፣ የጌጫው ሰው በሾፌር የላከለትንም ሲዲ ይዞ ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ ኃይለሚካኤል ኮሚቴውን ወዲያው ጠሩ፤ ጋሽ ጴጥሮስም ከቡናቸው መሃል ተጠርተው መጡ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እውነት ከሆነ ማራናታ ከሥራ ትባረራለች፣ አባቷም ሲመሠረት ጀምሮ አባል ከሆኑበት ማኅበር ይሰረዛሉ። በዚያ ዕድሜያቸው ሌባ ተብሎ ወደ መንደር መመለስ ደግሞ ከመሰረዙም ይብሳል።

ሻይ ይዤ ገባሁና ትሪዬን ታቅፌ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። «ውጪ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ማራናታ ቆማ ይህ ትምህርት ነው፣ እውነተኛው መዝገብ ውስጥ አንድም ኬሻ አልገባም እያለች ታስረዳለች።  መዝገቡንም ከፍታ አሳየቻቸው። ይርዳው ዛሬ ጠዋት አጥፍታው ይሆናል አለ። አቶ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉ።

«የልጄን ሠርግ ቪዲዮ አስቀርጫለሁ» አሉ። «ያልተደረገ ነገር ሲቀረጽ አላየሁም። ካልተደረገ እንዴት ተቀረጸ?»

ኮሚቴው በሙሉ አንገቱን ነቀነቀ። እኔም እኮ ግማሽ ልቤ እዚያ ነበር፤ አነጋገራቸው ያሳምናል። ከዚያ ጋሽ ጴጥሮስን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን ብቻ ያያሉ። አንጀቴን በሉት።

ሲዲዎቹ ይታዩ ተባለ። መጀመሪያ የሸኮው ገባ። የማራናታ ድምፅ «አቶ ጴጥሮስ አሥራ ሁለት ኬሻ ጀንፈል ቡና አስረከቡ» አለ። ወዲያው ከኋላ ሌላ ድምፅ «ማራናታ፣ ሻይሽ ውሃ ሆነ እኮ» አለ። ትሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የጌጫው ገባ፤ ያው አሥራ ሁለት ኬሻ፣ ያው ሻይ፣ እዚያችው ቦታ ላይ። አሁንስ ነደደኝ። ማንም ተናገሪ ሳይለኝ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

«ሸኮ ሻይ ሸጬ አላውቅም፤ ጌጫንም እግሬ ረግጧት አያውቅም» አልኩ። «ጋሽ ጴጥሮስ እዚያ ቡና አስረክበው ከሆነ እኔም እዚያ ሻይ አቅርቤያለሁ ማለት ነው። ወይ ሁለታችንንም ክሰሱ፣ ወይ ሁለታችንንም ተዉ።»

 አቶ ኃይለሚካኤል ማውሱን ራሳቸው ያዙ። ትምህርቱን ከመጀመሪያው አስከፈቱና «ስም ይሙሉ» ሲላቸው የራሳቸውን ስም ጻፉ። «አይደለም፤ እንደገና ይሞክሩ» አላቸው በማራናታ ድምፅ። የይርዳውን ጻፉ፤ አይደለም። ጴጥሮስ ሲሉት ብቻ አለፈ። ሁለቴ ሦስቴ ሞከሩት፣ ከዚያ ማውሱን ለቀቁ። በመጨረሻ ይህ የተቀረጸ ትምህርት እንጂ ርክክብ አይደለም፣ ጋሽ ጴጥሮስም ልጃቸውም ነፃ ናቸው አሉ። ይርዳውም ወለሉን እያየ እንግዲያው ስማቸው ከትምህርቱ ይውጣና ነገሩ ይብቃ አለ። ሁሉም ይውጣ፣ ይውጣ አለ።

ጋሽ ጴጥሮስ ይሄኔ ነው የተናገሩት። የአፍ መፍቻቸው ቤንችኛ ስለሆነ አማርኛውን ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«አታውጡት» አሉ። «ዛሬ ከወጣ ጌጫ ያለው ሰው ሰርቆ ነው የወጣው ይላል። ማን ዞሮ ይነግርልኛል? ስሜ የቆሸሸው እዚያ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይጽዳ።»

 ማራናታ አባቷን ይዛ ወጣች፤ በማግስቱም ቢሮዋ ውስጥ አስቀምጣቸው በሩን ዘጋች። ቀይዋ ነጥብ እየበራች ሁለቱም ሲያወሩ ይሰማ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ጆሮውን በሩ ላይ የለጠፈ ሰው አልነበረም፤ ከእኔ በቀር።

አዲሱ ትምህርት ከመላኩ በፊት ይርዳው እንዲሞክረው አቶ ኃይለሚካኤል ከሸኮ አስጠሩት። ጋሽ ጴጥሮስ ደግሞ እኔ ዘንድ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ግን ሻይ አስገብቼ ቢሮው ውስጥ ቀረሁ። የእኔ ድምፅ ከትምህርቱ አሁንም አልወጣም፤ ማራናታን ለምን ተውሽው ብላት «ምስክሬ ነሽ እትዬ፣ እንዴት አስወጣሻለሁ» አለችኝ። ይርዳው የጋሽ ጴጥሮስን ስም ሞላ፣ ኬሻውን ሞላ። ከአረንጓዴው ጽሑፍ በፊት ግን አዲስ ጥያቄ መጣበት፦ «አቶ ጴጥሮስ ስንት ኬሻ አስረከቡ?» ሁለት መልስ አለው። አንዱ «አሥራ ሁለት» ይላል፤ ሌላው «ምንም አላስረከቡም» ይላል።

ይርዳው አሥራ ሁለትን ተጫነ።

«አይደለም፤ እንደገና ይሞክሩ» አለው ኮምፒውተሩ። ድምፁ የማራናታ አልነበረም፤ የአባቷ ነበር። ቀስ ያለ፣ ያልተቆጣ። ይርዳው ደነገጠና በሩን ዞሮ አየ። እልኸኛ አይደል፣ አሁንም አሥራ ሁለትን ተጫነ። «አይደለም፤ እንደገና ይሞክሩ» አሉት ጋሽ ጴጥሮስ። ማንም አላስገደደውም፤ ግን ሌላውን ካልተጫነ ወዴትም አይሄድም። ማውሱን ዝቅ አደረገና «ምንም አላስረከቡም» የሚለውን ተጫነ። ሸኮም፣ ጌጫም፣ ቱምም ያለ ሠራተኛ ሁሉ ይህንን ሳይጫን ትምህርቱን አይጨርስም።

ሲወጣ ተከተልኩት፤ ጋሽ ጴጥሮስ በረንዳው ላይ ነበሩ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊታቸው ቆመ። እሳቸው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ተቀመጠ። ሁለት ሻይ ቀዳሁላቸው።