ሳማ የወረሰው ጥግ

እናቴ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ስትቀር፣ ደሎ መና የነበረኝን የቢሮ ሥራ ትቼ ጎባ ተመለስኩ። ወንድሜ ሐዋሳ ሚስትና ልጆች አሉት፤ እኔ ባል የለኝም። ስለዚህ የምመጣው እኔ መሆኔን ዘመድ ሁሉ ተስማማበት። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ከመኝታዋ መስኮት ፊት ለፊት፣ በአጥሩና በማድ ቤቱ መካከል፣ አባቴ በሕይወት እያለ አበባ የሚተከልበት ጥግ ነበር። ስመለስ ሳማ ወርሶታል። ከሳማው ሥር ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ሸክላ፣ የአንድ እግር ቦቲ ተጥሏል። እናቴ ቀኑን ሙሉ የምታየው ይህንኑ ነበር።

ክረምቱ እንዳለፈ ጀመርኩት። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ሳማውን ስነቅል ፌስታሉ ተቀደደና እስከ ክርኔ አበጥኩ። ጎረቤታችን ያሉት አሮጊት፣ ሰፈሩ በሙሉ በኦሮምኛ “አኮ” ብሎ አያቱ ያደረጋቸው፣ በአጥሩ ላይ ሲያዩኝ ሰነበቱና አንድ ጠዋት የፈረስ ፍግ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ላኩልኝ። ከግቢያቸውም የቀይ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሰጡኝ።

“ውርጭ ሲመጣ ማታ ማታ አልብሻት፣ ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “የኛ አገር ብርድ ለአበባ አይራራም።”

እንዳሉትም አልራራም። አብሬ የተከልኳቸው የዳሊያ አበቦች በአንድ ሌሊት ጠቁረው አደሩ። ጽጌረዳዋን ግን እናቴን አጥቤ፣ አብልቼ፣ ገልብጬ ካስተኛሁ በኋላ እየወጣሁ በጆንያ እሸፍናት ነበርና ተረፈች። እናቴ በመስኮቱ ታየኛለች። አንዴ፣ “ምነው፣ ለተዝካሬ ነው የምታሰማምሪው?” አለችኝ።

ለፋሲካ ጽጌረዳዋ አበበች። ወንድሜም ኬክና ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። እናቴን አቅፎ በረንዳ ላይ አወጣት፤ እኔ በየቀኑ የማነሳትን እሱ ሲያነሳት እንግዳው ሁሉ መረቀው። ከማኅበሯ ሴቶች አንዷ ወደ ጥጉ እያየች፣

“እንዴት አምሯል! ማን ነው የሠራው?” አለች።

እናቴ በደህናው እጇ የወንድሜን ትከሻ ዳበሰች። “ልጄ ነዋ! ሩቅ ሆኖ እንኳ አይረሳኝም።”

እኔ የጠላ ብርጭቆ በትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ወንድሜ ፈገግ ብሎ ጫማውን አየ። እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ የመጡት አኮ ብቻ ወደ እኔ ዞር አሉና የያዙትን ለስላሳ ሳይጠጡ አስቀመጡት።

ወንድሜ ማድ ቤት ሲገባ ጠብቄ፣ “ለምን ዝም አልክ?” አልኩት።

“ደስ ብሏት እኮ ነው። ምን ቸገረሽ?”

በማግስቱ ሄደ። የእናቴን ጸጉር ሳበጥር እሷንም ጠየቅኳት።

“እማዬ፣ ማን እንደሠራው እያየሽ አልነበር?”

“አይቻለሁ።”

“ታዲያ?”

“አንቺማ አለሽ” አለች ፊቷን ሳታዞር። “እዚሁ ያለ ሰው ምን ይመሰገናል? እሱን ካላሞገስኩት ደግሞ ይመጣል?”

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። ብትረሳ፣ ብትሳሳት ይቅር እላት ነበር። እሷ ግን አስባበታለች።

ከሰዓት በኋላ ጽጌረዳዋን ከነአፈሯ ነቅዬ ለአኮ ወሰድኩላቸው። ከበራቸው አጠገብ ጉድጓድ ቆፈሩልኝና አብረን ተከልናት።

“ቀይዋ የት ሄደች?” አለች እናቴ ሲነጋ።

“ለባለቤቷ መለስኳት።”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ቁርሷን አቀረብኩ።

ወንድሜ ለመስቀል እንደማይመጣ በስልክ ነገራት፤ ሥራ በዝቶበታል። “አይዞህ፣ ልጄ” አለችው። ጥጉ ላይ አሁን ጎመን ነው ያለው። በደንብ ይዟል። እናቴ ጣፈጠም አልጣፈጠም ሳትል ትበላዋለች።