ሰብለወርቅና የሱሉልታው ፋንድያ

ሰብለወርቅ ቡራዩ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ደንበኞቿ «ምላሷ ከመቀሷ ይሰላል» እያሉ ያሟታል፤ አልዋሹም። እሷን የረታት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጇ ባርናባስ።

ባርናባስ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለት ትምህርት ቤቶች «ልጅሽን ውሰጂልን» ብለዋታል። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» ሲላት ጠበል ወሰደችው፤ እሱ ግን ባልዲውን ነጥቆ አጥማቂውን ቄስ ከነጥምጣማቸው አጠመቃቸው። ቄሱ እየተንጠባጠቡ «ልጄ፣ እስቲ ሐኪምም ሞክሪ» አሏት።

ሐኪሙ ልጁ ትኩረቱን መሰብሰብ ይቸግረዋል አላት። ሱሉልታ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆችን በፈረስ የምታግዝ ኢየሩስ የምትባል ባለሙያ እንዳለችም ነገራት። ቅዳሜ ሳይደርስ የሰብለወርቅ የጽዋ ማኅበር ሁሉ ልጇ ፈረስ ጋላቢ ሊሆን እንደሆነ ከራሷ አፍ ሰማ።

ቅዳሜ ሱሉልታ ሲደርሱ፣ ባለፈረሱ ኦቦ ነገሳ ዳማ የሚሉትን ያረጀ ፈረስ ስበው አመጡ። ባርናባስ ከፊት አየው፤ ዞሮ ከኋላ አየው፤ እዚያው ቀረ። ዳማም ጭራውን አንሥቶ የሚገባውን አደረገ።

«እማዬ! ይጨሳል!»

ኮርቻ ላይ ውጣ ቢሉት እምቢ። በስኳር ቢያባብሉት እምቢ። አካፋ አነሣና ፋንድያ መዛቅ ጀመረ። ቀና ሳይል የጋጣውን ማዕዘን ሁሉ አዳረሰው።

የሰብለወርቅ ደም ፈላ። «ልጄን ከቡራዩ ድረስ ያመጣሁት ፋንድያ ሊዝቅ ነው?»

«እህቴ፣ እስቲ እዪው» አለች ኢየሩስ። «አንድ ነገር ላይ እንዲህ ሲቆይ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አላየችም። የጋጣውን በር ተደግፋ ታየው ጀመር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢየሩስ የፋንድያ መሸከሚያ ባሬላ ይዛ ጠበቀቻቸው። ባሬላ ደግሞ ከፊትና ከኋላ የሚይዝ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

«ኦቦ ነገሳ፣ እርስዎ ይያዙለት» አለች ሰብለወርቅ።

«አኒ?» አሉ ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው። «እኔ? ልጁ የማን ነው?»

ሰብለወርቅ ባለተረከዝ ጫማዋን እንዳደረገች ከኋላ ያዘች። ከፊት የያዘው ባርናባስ እንደ ልማዱ ሮጠ። ባሬላው ዘመመና ፋንድያው ቀሚሷ ላይ ተገለበጠ። ከአፏ የወጣውን ስድብ ዳማ እንኳ ጆሮውን አቁሞ ሰማው። ባርናባስ ግን አልሸሸም። መልሶ ዛቀና «እማዬ፣ አሁን ቀስ እንበል» አላት።

ከተወለደ «ቀስ» ሲል ሰምታው አታውቅም። እግር በእግር እየገጠሙ፣ ምንም ሳይደፉ ከጋጣው ውጭ ያለው ክምር ድረስ አደረሱት። እሷም እንባዋን በፋንድያማ እጇ ልትጠርግ ስትል ኢየሩስ እጇን ይዛ ከለከለቻት።

ተአምር ግን አልሆነም። መምህሩ አሁንም ያስጠሯታል። ከወራት በኋላ ባርናባስ ኮርቻ ላይ ወጥቶ ሁለቴ ዞረና «ኮርቻው ይቆረቁራል» ብሎ ወረደ። ለውጡ ሌላ ነው። የቤት ሥራውን ሲያጣድፈው «ባሬላው!» ትለዋለች፤ እሱም ቀስ ይላል። ደንበኛ ላይ ስትጮህ ደግሞ እሱ ከባንኮኒው ሥር «እማዬ፣ ባሬላው!» ይላታል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሱሉልታ ሲመለሱ ባርናባስ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ «ኧረ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ።

«እኛ ነን» አለች ሰብለወርቅ። «መስኮቱን ክፈትና ድምፅህን ቀንስ፤ ልጄን እንዳትቀሰቅስብኝ።»