በቀዳዳው የገባው እጅ

ነገር ከመድረሱ በፊት ሆዴ ያውቀዋል እያልኩ እኮራ ነበር። ሰበታ የገበሬውን መሬት ይወስዳል በተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳ በታመሰችበት ሰሞን ግን ሆዴ ማወቁን ትቶ ነገር መፍጠር ጀመረ። ልብስ ስፌቴ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ልቤ ድንገት ይመታል፤ ማሽኑን አቁሜ አዳምጣለሁ፤ ውጪ ጸጥ ብሏል። እኔ ግን በሩ ሲደበደብ፣ ሰዎች ሲገቡ፣ ማሽኔ ሲሰበር አንድ በአንድ አይቼ ጨርሻለሁ። የአዲስ አበባ ኪራይ አንገሽግሾኝ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ ማን እንደሚመጣብኝ እንኳ አላውቅም፤ ብቻ ይመጣል።

የተከራየሁት አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው። በኦሮምኛ አክብሬ ኦቦ እላቸዋለሁ። ጭንቀት ከተባለ የእሳቸው ይብሳል፤ የሚነሳው መሬት የእሳቸው ነው፣ ኮሌጅ የምትማር አንድ ልጃቸው ደግሞ ሰልፍ ትወጣለች። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሳይጠይቁኝ ማሳ አይወርዱም። በዚያ ግቢ ማንም በር አያንኳኳም። በቆርቆሮው በር ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ የቤቱ ሰው በእሷ እጁን አስገብቶ መቀርቀሪያውን ይስባል። ያቺ ቀዳዳ እረፍት ነሳችኝ። የማላውቀው ሰው እጅ ሲገባባት በሐሳቤ ስንቴ እንዳየሁ እግዜር ይወቀው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጅማ መንገድ በኩል ጩኸት ሰማሁና መቀርቀሪያው ላይ ጓጉንቸር ቆለፍኩበት። ኦቦ ማሳ ናቸው፤ ልጅቷ በጠዋት ወጥታለች። እሷስ በምን ትገባለች ብዬ አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዘነዘናዬን ይዤ ከበሩ ኋላ ቆምኩ።

ሩጫ መጣና እኛ በር ላይ ቆመ። ጭቃ የለወሰው እጅ በቀዳዳዋ ገባ። መቀርቀሪያውን ሳበ፤ እምቢ ሲለው ጓጉንቸሩን ጨበጠ። በሐሳቤ ያየሁት እጅ ነው፣ ቁርጥ እሱን። ደግሜ ማየት እንኳ አላስፈለገኝም፤ መታሁት።

ከውጪ ሳል ሰማሁ። በአስለቃሽ ጭስ የታፈነ ሰው ሳል ነው። ከዚያ በሳሉ መሃል፣ "እኔ ነኝ... እኔ ነኝ።"

ቁልፉን በስንት ሙከራ ከፍቼ ጎትቼ አስገባኋት። ወዲያው የቦት ጫማ ድምፅ በበራችን አለፈ። ትንሽ ብዘገይ ይዘዋት ነበር። የእጇ አንጓ ተሰብሯል።

ኦቦ ሲመጡ፣ "እኔ ነኝ የመታኋት" አልኳቸው። የልጃቸውን አንጓ አዩ። "እንኳን ገባች" ብቻ አሉ። ቢሰድቡኝ፣ ውጪልኝ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አጥንቷ ገጠመ፤ ጓጉንቸሩንም ያን ዕለት አንስቼ ጣልኩት። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በገዛ አባቷ በር ላይ ቆማ ታንኳኳለች። አንድ ቀን ስከፍትላት አላስቻለኝም፤ "አሁን እኮ ቁልፍ የለውም፣ ለምን እጅሽን አታስገቢም?" አልኳት።

"አውቃለሁ እትዬ" አለችኝ፣ አንጓዋን ይዛ። "ገና ሳላስገባው ያመኛል።"

በሽታዬን እንዳጋባሁባት የገባኝ ያኔ ነው።